«ግሪን ካርድ ካላመጣህ ሥራ የለም» ሲባል፦ አሜሪካ ውስጥ የሥራ ፈቃዳችሁን ለአዲስ አሠሪ የምታሳዩት እንዴት ነው?



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከደረሱን መልዕክቶች አንዱ የብዙዎቻችሁ ጥያቄ ስለሆነ ሰፋ አድርገን ልንመልሰው ወደድን። ጸሐፊው በዲቪ አሜሪካ ከገባ ገና ሦስት ሳምንቱ ነበር። ዘመድ ቤት ተጠግቶ ሥራ ሲፈልግ ቆይቶ አንድ መጋዘን ውስጥ አገኘ። ኢንተርቪውን አለፈ፤ ጀምር የተባለበት ቀንም ደረሰ። ጠዋት ሲሄድ ግን የቢሮዋ ሠራተኛ «ግሪን ካርድህን ካላመጣህ አላስገባህም» አለችው። ካርዱ ገና በፖስታ አልመጣም። ልጁ «እሺ» ብሎ ወጣ፤ ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ።

የሚያሳዝነው ነገር፣ ያን ዕለት ቦርሳው ውስጥ በነበረው ፓስፖርት ብቻ ሥራውን መጀመር ይችል ነበር። አያውቅም፤ እሷም አላወቀችም። እናንተ ግን እወቁት።

ፎርም አይ-9 ምንድን ነው?

አሜሪካ ውስጥ ማንኛውም አሠሪ አዲስ ሰው ሲቀጥር ፎርም አይ-9 የሚባለውን ቅጽ ማስሞላት ግዴታው ነው። ሕጉ የወጣው በፈረንጆቹ 1986 ነው። ለስደተኛ ብቻ የተዘጋጀ እንዳይመስላችሁ፤ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ዜጋም ይሞላዋል። ቅጹ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ማን እንደሆናችሁ እና እዚህ አገር ለመሥራት የተፈቀደላችሁ መሆኑን።

ክፍል 1ን የምትሞሉት እናንተ ናችሁ፤ ሥራ በጀመራችሁበት የመጀመሪያ ቀን ማለቅ አለበት። ክፍል 2ን የሚሞላው አሠሪው ሲሆን፣ ወረቀታችሁን ዐይቶ ለመጨረስ ከጀመራችሁበት ቀን በኋላ ሦስት የሥራ ቀናት አሉት። ሰኞ ከጀመራችሁ እስከ ሐሙስ ማለት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ወረቀት ቤት ረስታችሁ ብትሄዱ አትደንግጡ። ስታቀርቡ ግን ዋናውን ነው፤ ፎቶ ኮፒ ወይም ስልክ ላይ ያለ ፎቶ አይሆንም።

ወረቀቱን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ

በቅጹ ሁለተኛ ገጽ ላይ ሦስት ዝርዝሮች አሉ።

ሊስት ኤ፦ ከዚህ ውስጥ አንዱ ብቻውን ይበቃል። የአሜሪካ ፓስፖርት፣ ግሪን ካርድ፣ ፎቶ ያለበት የሥራ ፈቃድ ካርድ (ወርክ ፐርሚት) እዚህ ውስጥ ናቸው።

ሊስት ቢ፦ ማንነትን ብቻ የሚያሳዩ ናቸው። መንጃ ፈቃድ ወይም የስቴት መታወቂያ።

ሊስት ሲ፦ ለመሥራት መፈቀዱን ብቻ የሚያሳዩ ናቸው። ለምሳሌ ምንም ገደብ ያልተጻፈበት የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ።

ወይ ከሊስት ኤ አንድ፣ ወይ ከቢ አንድ እና ከሲ አንድ። በቃ። መንጃ ፈቃድና ገደብ የሌለው ሶሻል ካርድ ያቀረበን ሰው «ግሪን ካርድም ጨምር» ማለት አይቻልም። አሠሪው ወረቀቱ እውነተኛ የሚመስልና የእናንተ ከሆነ መቀበል አለበት። በዜግነታችሁ ወይም በመጣችሁበት አገር የተነሳ የተለየ ወይም ተጨማሪ ወረቀት መጠየቅ በሕግ የተከለከለ አድልዎ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ሶሻል ካርዳችሁ ላይ «ለሥራ አያገለግልም» ወይም «ለሥራ የሚያገለግለው ከኢሚግሬሽን ፈቃድ ጋር ብቻ ነው» የሚል ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ካለ ካርዱ ለሊስት ሲ አይሆንም።

በዲቪ ወይም በቤተሰብ አዲስ ለገባችሁ

ፓስፖርታችሁ ላይ የተለጠፈውን ቪዛ አውጥታችሁ ተመልከቱ። ስትገቡ ኤርፖርት ላይ ማኅተም ሲመታበት ለአንድ ዓመት እንደ ጊዜያዊ ግሪን ካርድ እንደሚያገለግል ራሱ ቪዛው ላይ ተጽፏል። ያ ፓስፖርት ከነቪዛው የሊስት ኤ ወረቀት ነው። ካርዱን መጠበቅ አያስፈልግም። የቢሮው ሰው ካላወቀ ጽሑፉን በጣታችሁ አሳዩት፤ ከዚያም የቅጹን ሁለተኛ ገጽ አሳዩት።

«ሶሻል ቁጥሬ አልደረሰም» የምትሉም ትኖራላችሁ። የሥራ ፈቃድ ካላችሁ ቁጥሩ እስኪመጣ ሥራ መጀመር ትችላላችሁ። አሠሪው ኢ-ቬሪፋይ የሚባለውን የመንግሥት የማጣሪያ ሲስተም የሚጠቀም ከሆነ ቁጥሩ ሲደርሳችሁ ትሰጡታላችሁ፤ እስከዚያ ግን ሥራችሁን ትሠራላችሁ።

ጥገኝነት ለተፈቀደላችሁ እና በሪፊውጂነት ለገባችሁ

አሳይለም የጸደቀለት ሰው የመሥራት መብቱ ከጥገኝነቱ ጋር አብሮ የሚመጣ እንጂ በወርክ ፐርሚቱ ላይ የተንጠለጠለ አይደለም። ካርዱ ቢያልፍበትም መንጃ ፈቃድና ገደብ የሌለው ሶሻል ካርድ አቅርቦ መቀጠር ይችላል። በሪፊውጂነት የገባ ደግሞ አይ-94 የሚባለውን የመግቢያ ወረቀቱን ይዞ መጀመር ይችላል፤ ያ ለ90 ቀን ያገለግላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ወርክ ፐርሚት ወይም መታወቂያና ገደብ የሌለው ሶሻል ካርድ ማምጣት አለበት።

አሳይለም ጠይቆ ገና መልስ የሚጠብቅ ሰው ግን ጉዳዩ ይለያል። እሱ መሥራት የሚችለው ወርክ ፐርሚቱ እስካለ ድረስ ነው።

ወርክ ፐርሚት የያዛችሁ ቀኑን ተከታተሉ

እዚህ ላይ አሠራሩ ስለተቀየረ ልብ በሉ። ቀደም ሲል ካርዱ ሳያልፍ ማደሻ ያስገቡ ብዙ ሰዎች ካርዳቸው ቢያልፍም እስከ 540 ቀን ድረስ በራሱ ይራዘምላቸው ነበር። ከኦክቶበር 30፣ 2025 ጀምሮ ማደሻ የሚያስገቡ ሰዎች፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ይህ የላቸውም። ካርዱ አልፎ አዲሱ ካልመጣ ሥራ ይቆማል ማለት ነው። «ጓደኛዬ እኮ በደረሰኙ ብቻ ሲሠራ ነበር» የሚለውን ትታችሁ፣ ማደሻውን ማስገባት ከሚቻልበት የመጀመሪያ ቀን፣ ማለትም ካርዱ ከማለፉ ከ180 ቀን በፊት ጀምሮ አስገቡ። ቀኑን ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።

ካርዱ ሲያልፍ አሠሪው እንደገና ማረጋገጥ አለበት፤ ይህ ሕጋዊ ነው። ግሪን ካርድ ግን ሌላ ነው። ስትቀጠሩ ያልተቃጠለ ግሪን ካርድ ካሳያችሁ፣ በኋላ ላይ ካርዱ ስላለፈ ብቻ «አዲሱን አምጣ፣ አለበለዚያ ሥራ የለህም» ሊሏችሁ አይችሉም። ይህን የሚሳሳቱ መሥሪያ ቤቶች ብዙ ናቸው።

ካርዳችሁ ከጠፋ፣ ከተሰረቀ ወይም ከተበላሸ ምትክ ለማውጣት ያመለከታችሁበት ደረሰኝ ለ90 ቀን ያገለግላል።

አንዲት ሳጥን ሕይወት ታበላሻለች

ክፍል 1 ላይ አራት ምርጫዎች አሉ። የመጀመሪያው «የአሜሪካ ዜጋ ነኝ» የሚል ነው። ሁለተኛው እንደ አሜሪካ ሳሞዋ ካሉ ቦታዎች የመጡ ሰዎች ጉዳይ ስለሆነ እኛን አይመለከትም። ሦስተኛው ግሪን ካርድ ላላቸው፣ አራተኛው በወርክ ፐርሚት ወይም በሌላ ፈቃድ ለሚሠሩ ነው።

ዜጋ ሳይሆኑ የመጀመሪያውን ሳጥን መምረጥ ከሁሉም የከፋ ስህተት ነው። በሐሰት ዜጋ ነኝ ማለት ከአገር ሊያስባርርና ግሪን ካርድን ለዘለዓለም ሊያስከለክል ይችላል። በችኮላ አትፈርሙ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ የሚረዳችሁ ሰው መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ያ ሰው ስሙን ሞልቶ የሚፈርምበት ተጨማሪ ገጽ አለ።

የስማችን ነገር

እኛ ሐበሾች በአንዱ ወረቀት የአባት ስም፣ በሌላው የአያት ስም «ላስት ኔም» ሆኖ ይጻፍብናል። በኢ-ቬሪፋይ ሲጣራ «አልተመሳሰለም» የሚል መልስ የሚመጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ዜግነት ወስደው ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ያላሳወቁ ሰዎችም ይገጥማቸዋል።

ይህ መልስ ከሥራ መባረር አይደለም። አሠሪው ለብቻችሁ ጠርቶ ሊነግራችሁና ወረቀቱን ሊሰጣችሁ ይገባል። መቃወም ከፈለጋችሁ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ለማነጋገር 8 የፌዴራል የሥራ ቀናት አላችሁ። ጉዳዩ እስኪያልቅ ድረስ በዚህ ምክንያት ሊያባርሯችሁ፣ ሊያግዷችሁ ወይም ሰዓት ሊቀንሱባችሁ አይችሉም።

ቢከለክሏችሁስ?

መጀመሪያ በሰላም አስረዱ፤ ብዙ ጊዜ ክፋት ሳይሆን አለማወቅ ነው። አልሰማ ካሉ የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ለዚሁ ጉዳይ ያቋቋመው ክፍል ነጻ የሠራተኞች ስልክ አለው፦ 1-800-255-7688። አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል፤ ስም ሳይናገሩም መጠየቅ ይቻላል። አንዳንዴ እነሱው አሠሪው ጋር ደውለው በስልክ ብቻ ያስተካክሉታል። ክስ ለማቅረብ ግን ድርጊቱ ከተፈጸመ በ180 ቀን ውስጥ መሆን አለበት፤ ይህ የወረቀት ሕግ የሚሠራውም 4 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት ላይ ነው። ማን ምን እንዳላችሁ፣ በየትኛው ቀን እንደሆነ ጻፉ፤ የተላከላችሁን ቴክስትና ኢሜይልም አታጥፉ።

ይህ ጠቅላላ መረጃ ነው። የፍርድ ቤት ጉዳይ ያለባችሁ ወይም ወረቀታችሁ የተወሳሰበ ከሆነ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ።

መልዕክቱን የላከልንን ልጅ ፓስፖርቱን እንዲያወጣና ቪዛው ላይ ያለችውን መስመር እንዲያነብ ነገርነው። ከቀናት በኋላ «ሌላ ቦታ አሳየኋቸው፣ ተቀበሉኝ» ብሎ ጻፈልን። ያቺ መስመር የመጀመሪያውም ቀን እዚያው ነበረች።

ሰሞኑን የገባ ወንድም፣ እህት ወይም ጎረቤት ካላችሁ ይህን አካፍሏቸው። ያጋጠማችሁን ደግሞ ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ ለሌላው ይጠቅማል።