ተስፋ ያለው ተማሪ ማን ነው? ስለ አፕዋርድ ባውንድ የክረምት ትምህርት

ከድኻ ቤተ ሰብ የተወለደ፣ ነገር ግን ለትምህርት የሚሆን አእምሮ ያለው ወጣት ከዩኒቨርሲቲ በር እንዴት ሊደርስ ይችላል? ይህ ጥያቄ በየአገሩ የሚነሣ ነው። ከቀረቡትም መልሶች አንዱ፣ ዩኒቨርሲቲው ተማሪው እስኪመጣ ድረስ ከመጠበቅ ይልቅ በዕረፍት ወራት በሩን ከፍቶ፣ ወጣቱን ገና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሳይጨርስ ተቀብሎ እንዲያስተምር ማድረግ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት አፕዋርድ ባውንድ ተብሎ የሚጠራውን፣ ከዚህ ዓይነት ፕሮግራሞች ሁሉ ረጅም ዕድሜና ሰፊ ልምድ ካላቸው አንዱን ለአንባቢያን መግለጽ ነው። ከዚህም ጋር ጸሐፊው አንድ ነገር ለማሳየት ይሞክራል፤ ይኸውም የእንዲህ ያለ ፕሮግራም ጥቅም የሚወሰነው በትምህርቱ ጥራት ብቻ ሳይሆን «ተስፋ ያለው» ተብሎ በሚመረጠው ተማሪ ማንነት ጭምር መሆኑን ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የፕሮግራሙ አመጣጥ

በ1964 ዓ.ም. ዳርትመዝ ኮሌጅ፣ የፕሪንስተንና የዬል ዩኒቨርሲቲዎች ለጥቂት የድኻ ልጆች የዕረፍት ወራት ትምህርት መስጠት ጀምረው ነበር። የዳርትመዙ ትምህርት ልጆቹን ወደ ታወቁ የግል አዳሪ ትምህርት ቤቶች ለመግባት የሚያዘጋጅ ነበር። እነዚህ ሙከራዎች መልካም ቢሆኑም የሚነኩት ጥቂት ሰዎችን ነበር፤ የሚቆሙትም በየኮሌጁ በጎ ፈቃድና በለጋሾች ገንዘብ ነበር።

በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ድኽነትን ለመዋጋት የወጣውን የኢኮኖሚ ዕድል አዋጅ ፈረሙ። በአዋጁ የተቋቋመው መሥሪያ ቤት፣ በሳርጀንት ሽራይቨር እየተመራ፣ በ1965 በ17 ያህል ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ወደ 2,000 የሚጠጉ ተማሪዎችን ሰብስቦ ሙከራ አደረገ። በ1966 ፕሮግራሙ በመላ አገሪቱ ተስፋፋ። ስሙም «ወደ ላይ የሚጓዝ» እንደ ማለት ነው።

በ1965 የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ደግሞ ታለንት ሰርች የተባለውን፣ ችሎታ ያላቸውን ልጆች ፈልጎ የሚመክር ሁለተኛ ፕሮግራም አመጣ። በ1968 ኮሌጅ ገብተው ለሚማሩት ድጋፍ የሚሰጥ ሦስተኛ ፕሮግራም ታከለ፤ ሦስቱም በአንድነት ትሪዮ ተባሉ። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ቢጨመሩም ስሙ ጸንቶ ቀረ። በዚሁ በ1968 በወጣው ማሻሻያ አፕዋርድ ባውንድ ድኽነትን ከሚዋጋው መሥሪያ ቤት ወደ ትምህርት መሥሪያ ቤት እንዲዛወር ተወሰነ።

እነማን ይገባሉ?

የፌዴራሉ መንግሥት ገንዘቡን በውድድር ለዩኒቨርሲቲዎች፣ ለኮሌጆችና ለሌሎች ድርጅቶች ይሰጣል። ገንዘቡን ያገኘው ኮሌጅ በአቅራቢያው ካሉ ትምህርት ቤቶች ጋር ተስማምቶ ተማሪዎችን ይመለምላል። ተማሪው ብዙውን ጊዜ ዘጠነኛ ወይም አሥረኛ ክፍል ሳለ ይገባል፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን እስኪጨርስም በፕሮግራሙ ሊቆይ ይችላል።

የአገባቡ ሕግ ሁለት መለኪያዎች አሉት። የመጀመሪያው የቤተ ሰቡ ገቢ ነው፤ ግብር የሚከፈልበት ገቢ መንግሥት ከወሰነው የድኽነት መጠን ከ150 ከመቶ መብለጥ የለበትም። ሁለተኛው የወላጆች ትምህርት ነው፤ ከወላጆቹ አንዳቸውም ባችለር ዲግሪ የሌላቸው ተማሪ «የመጀመሪያው ትውልድ ተማሪ» ይባላል። ከተመዘገቡት ሁለት ሦስተኛዎቹ ሁለቱንም መለኪያዎች ማሟላት አለባቸው። የቀሩት አንዱን ቢያሟሉ ይበቃል፤ ከ2008 ወዲህ ደግሞ በትምህርታቸው የመውደቅ ከፍተኛ ሥጋት ያለባቸውም በዚህ ክፍል ሊቆጠሩ ይችላሉ።

ሁለተኛው መለኪያ የተለየ ትኩረት ይገባዋል። ድኽነት የገንዘብ ጉድለት ብቻ ቢሆን ኖሮ ነጻ ትምህርት ይበቃ ነበር። ነገር ግን በቤቱ ኮሌጅ የገባ ሰው አይቶ የማያውቅ ልጅ ማመልከቻ መቼ እንደሚጻፍ፣ የገንዘብ ርዳታ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ የትኛው የሒሳብ ትምህርት ለየትኛው ሙያ እንደሚያስፈልግ የሚነግረው የለም። ይህን የተማረ አባት ለልጁ በራት ማዕድ ላይ ሳያስበው ይነግረዋል።

በዋሽንግተን፣ በሚኒያፖሊስ፣ በሲያትልና በሌሎችም ከተሞች ለሚኖሩት የአገራችን ተወላጆች ይህ ጉዳይ ሩቅ አይደለም። ዜጋ የሆነ ወይም የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ያለው ቤተ ሰብ ልጅ መለኪያውን ካሟላ ማመልከት ይችላል። በአገሩ በዲግሪ ተመርቆ በዚያ ታክሲ የሚነዳ አባት ያለው ልጅ ግን «የመጀመሪያው ትውልድ» ሊባል አይችልም፤ ሊገባ የሚችለው በገቢው መለኪያ ነው። የአባቱ ዲግሪ ግን የተገኘው በሌላ አገር ሥርዓት ስለሆነ፣ የአሜሪካንን የኮሌጅ አገባብ ለልጁ ለማስረዳት ብዙ ላይጠቅም ይችላል። ሕግ ሰውን በመደብ ሲከፍል እንዲህ ያለ መካከለኛ ሰው ማስቸገሩ አይቀርም።

የክረምቱ ትምህርት

አሜሪካውያን በጋቸው አድርገው የሚቆጥሩት የሰኔ፣ የሐምሌና የነሐሴ ወር ለእኛ ክረምት ስለሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ «የክረምት ትምህርት» ማለት ተመርጧል። ትምህርቱ ብዙውን ጊዜ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ልጆቹ በአብዛኛው ከቤታቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲው መኝታ ቤት ያድራሉ፣ በምግብ ቤቱ ይበላሉ፣ በቤተ መጻሕፍቱ ያነባሉ። ሕጉ የሚያስገድዳቸው የትምህርት ዓይነቶች አምስት ናቸው፤ እነዚህም ሒሳብ፣ በቤተ ሙከራ የሚሰጥ ሳይንስ፣ የጽሑፍ ድርሰት፣ ሥነ ጽሑፍና የውጭ አገር ቋንቋ ናቸው።

ከቤት መውጣቱ ራሱ የትምህርቱ ክፍል ነው። ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን ይዞ ከወላጆቹ መንደር የሚርቀው የቤት ሥራና የዘመድ ጉዳይ ከትምህርቱ እንዳያናጥቡት ነው። ጸሐፊውም በሚስዮን ትምህርት ቤት በአዳሪነት እንደ ተማረ ሰው፣ ከክፍል ትምህርቱ ይልቅ የማታው የጥናት ሰዓት ብዙ እንደሚያስተምር ያውቃል፤ አጠገብ ያለው ጓደኛ ሲያነብ ዝም ብሎ መቀመጥ ያሳፍራልና። በአፕዋርድ ባውንድም የኮሌጅ ተማሪዎች ከልጆቹ ጋር አድረው ያስጠኗቸዋል። ልጁ በዕድሜ ብዙ የማይበልጠውን፣ ምናልባትም ከእርሱ ሰፈር የመጣን የኮሌጅ ተማሪ ሲያይ፣ ዩኒቨርሲቲ የሌላ ዓለም ሰዎች ቤት አለመሆኑን ይረዳል።

ክረምቱ ሲያልቅ ሥራው አያልቅም። በትምህርት ዘመኑ ከሰዓት በኋላና ቅዳሜ ቅዳሜ ጥናትና ምክር ይቀጥላል፤ የፈተናና የገንዘብ ርዳታ ማመልከቻም በዚያው ይሞላል። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሱትም ኮሌጅ ከመግባታቸው በፊት «ድልድይ» በሚባለው የመጨረሻ ክረምት የኮሌጅ ትምህርት ሊጀምሩ ይችላሉ።

ክረምት የተመረጠበት ምክንያት ሕንፃው ባዶ ስለሚሆን ብቻ አይደለም። ካርል አሌክሳንደርና ዶሪስ ኢንትዊስል የተባሉ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከ1982 ጀምሮ በባልቲሞር ከተማ 790 ያህል ልጆችን ከአንደኛ ክፍል ጀምረው ተከታተሉ። በ2007 ባወጡት ጽሑፍም በዘጠነኛ ክፍል በድኻና በባለጠጋ ልጆች መካከል ከታየው የንባብ ልዩነት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ዘመን በነበሩት የዕረፍት ወራት የተፈጠረ መሆኑን ገለጡ። በኋላ በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ግን ልዩነቱ መቼ እንደሚያድግ የሚሰጠው መልስ በፈተናው አሰፋፈር ላይ እንደሚመሠረት አሳይቷል። ስለዚህ የባልቲሞሩን ውጤት እንደ መጨረሻ ቃል ልንይዘው አይገባም፤ ሆኖም ትምህርት ቤት ሲዘጋ የቤት ልዩነት እንደሚገለጥ ማንም አይክደውም።

በዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። ዐሥራ ስድስት ዓመት የሆነው የድኻ ልጅ በዕረፍት ወራት ሠርቶ ቤቱን ይረዳል። ፕሮግራሙ በእነዚህ ወራት ለተማሪው የሚሰጠው የኪስ ገንዘብ በሕጉ ከተወሰነው በወር 60 ዶላር ሊበልጥ አይችልም፤ ከዚህ የተለየው ለሙያ ልምምድ ሥራ የሚከፈለው ብቻ ነው። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ2009 ጀምሮ በሰዓት 7.25 ዶላር በመሆኑ፣ 60 ዶላር ከዘጠኝ ሰዓት ሥራ ያነሰ ዋጋ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ በነጻ ቢሰጥም ለቤተ ሰቡ ነጻ አይደለም፤ በጣም የተቸገረው ልጅ ከሁሉ ይልቅ ለመቅረት ይገደዳል።

ውጤቱ እንዴት ተመዘነ?

ፕሮግራሙ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም? የገቡት ልጆች ኮሌጅ ደረሱ ብሎ መቁጠር መልስ አይሆንም፤ ትጉ ልጆች ስለሆኑ ያለ ፕሮግራሙም ሊደርሱ ይችሉ ነበርና። ስለዚህ ከ1992 ጀምሮ ማቴማቲካ የተባለ የጥናት ድርጅት ለመንግሥት ሰፊ ምርመራ አካሄደ። በ67 ፕሮጀክቶች ካመለከቱት 2,800 ያህል ተማሪዎች ማን እንደሚገባና ማን እንደሚቀር በዕጣ ተወሰነ፤ ከዚያም ሁለቱም ወገኖች ለብዙ ዓመታት ተከታትለው ታዩ።

በ2009 የወጣው የመጨረሻ ሪፖርት ብዙዎችን አስደነገጠ። በጠቅላላው ሲታይ በዕጣ የገቡትና በዕጣ የቀሩት ወደ ከፍተኛ ትምህርት በመግባትም ሆነ ባችለር ዲግሪ በመቀበል የጎላ ልዩነት አልታየባቸውም። የሙያ ምስክር ወረቀት በማግኘት ግን የገቡት በለጡ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው የሚከተለው ነው፤ ሲያመለክቱ ባችለር ዲግሪ እደርሳለሁ ብለው ያልጠበቁት ተማሪዎች በፕሮግራሙ ምክንያት ወደ ከፍተኛ ትምህርት መግባታቸው በግልጽ ጨምሯል።

ሪፖርቱን የተቹ ሰዎች አሉ፤ ትችታቸውም ከንቱ አይደለም። ከ67ቱ አንዱ ፕሮጀክት ብቻ በሒሳቡ ውስጥ 26 ከመቶ የሚሆን ክብደት ነበረው። በዕጣ ከቀሩትም ብዙዎቹ በታለንት ሰርችና በሌሎች ፕሮግራሞች ይረዱ ነበር። ማርጋሬት ካሃላን የተባሉ ተመራማሪ መረጃውን እንደገና መርምረው ፕሮግራሙ በጎ ውጤት እንዳለው አስረድተዋል። ክርክሩ ግን በመጽሔት ገጽ ብቻ አልቀረም። የትምህርት መሥሪያ ቤቱ በ2006 ፕሮጀክቶች የመውደቅ ሥጋት ያለባቸውን ልጆች በብዛት እንዲቀበሉና ለአዲስ የዕጣ ምርመራ እንዲተባበሩ ጠየቀ። ይህም ከቦታው ቁጥር እጅግ የሚበልጡ ልጆችን መልምሎ ትርፉን መመለስ ስለሚያስከትል፣ ፕሮጀክቶቹ «ተስፋ ሰጥተን እንዴት እንነሣለን?» ብለው ተቃወሙ፤ ኮንግሬሱም ጣልቃ ገብቶ አስቆመው። በ2025 ለኮንግሬሱ የቀረበው የበጀት ሐሳብ ደግሞ የትሪዮ ገንዘብ በሙሉ እንዲቀር የሚጠይቅ ነበር። ስለዚህ የምርመራው ጥያቄ የሊቃውንት ጨዋታ ሳይሆን የልጆች ዕድል የተንጠለጠለበት ነገር ነው።

ከዚህ ምን እንማራለን?

ከላይ ከተባለው የሚከተለው ግልጽ ይመስላል። በደረጃ አንደኛ የሚወጣውን፣ መምህሩም ራሱም ዩኒቨርሲቲ እንደሚገባ የሚያውቁትን ልጅ መርጦ ስድስት ሳምንት ማስተማር የሚያስመሰግን ሪፖርት ለመጻፍ ይመቻል፤ ለውጥ ለማምጣት ግን ብዙም አይጠቅም። ለውጡ የሚታየው ችሎታው እያለው ራሱን ለዩኒቨርሲቲ ባልቆጠረው ልጅ ላይ ነው። ተስፋ ያለው ተማሪ ማለት ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀለት ብቻ ከሆነ፣ ፕሮግራሙ ያለውን ተስፋ ይቆጥራል እንጂ አዲስ ተስፋ አይፈጥርም።

የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች በክረምት መምህራንን ማስተማር የቆየ ልማዳቸው ነው፤ በአንዳንዶቹም ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሳይንስና የሒሳብ ትምህርት የሚሰጥባቸው ማዕከሎች አሉ። ይህን ዓይነት ሥራ ለማስፋፋት ለሚያስቡ ሁሉ ሦስት ነገሮች ቢታሰቡ መልካም ነው። አንደኛ፣ ከቦታው ከፊሉ በማዕረግ ቁጥር ሳይሆን ልጁን በሚያውቅ መምህር ምስክርነት ይሰጥ። ሁለተኛ፣ ሐምሌና ነሐሴ በገጠሩ የእርሻና የአረም ወራት መሆናቸው አይዘንጋ፤ የገበሬው ልጅ ለስድስት ሳምንት ሲወጣ የጉልበቱ ምትክ ካልታሰበለት፣ ጥሪው የሚደርሰው ለከተማው ልጅ ብቻ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ክረምቱን ያስተማረ ኮሌጅ ከመስከረም እስከ ሰኔም ልጁን በደብዳቤና በምክር ይከተለው። እነዚህ ሦስቱ ካልተሟሉ ስድስቱ ሳምንታት ደስ የሚል የዕረፍት ጊዜ ሆነው ያልፋሉ፤ ከተሟሉ ግን በመጨረሻው ወንበር ተቀምጦ ስሙ የማይጠራው ልጅም የዩኒቨርሲቲውን በር የራሱ አድርጎ ሊያየው ይችላል።