ሙዳይና ጎረቤቶቹ፦ ስለ ትንንሽ መክተቻዎች ስያሜና አፈታት

«ሙዳይ» የተባለውን ቃል «ትንሽ ሣጥን» ብሎ መፍታት ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ቀላሉ መንገድ ነው። ሆኖም ሣጥን ከሳንቃ ወይም ከቆርቆሮ ተገጣጥሞ የሚበጅ ዕቃ ሲሆን፣ ሙዳይ ከሣር የሚሰፋ ነው፤ ትንሽነትም ቢሆን ሙዳይን ሙዳይ የሚያሰኘው ዋና ጠባይ አይደለም። ይህ ጽሑፍ የቃሉን አፈታት ለማቃናት፣ በዚያውም ከጎኑ የሚቆሙ ሁለት ቃላትን ለመመርመር የታሰበ ነው።

ለዚህ ምርመራ የሐይቅ አካባቢ የተመቸ ነው። በደቡብ ወሎ፣ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት፣ በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን፣ ስመ ጥር የትምህርትና የመጻሕፍት ቤት እንደ ነበረ ይታወቃል። በእንዲህ ያለ ቤት የብራና መጽሐፍ ከቆዳ በተሰፋ ማኅደር ይከተታል። ሴቶች ወደ ገዳሙ አይገቡም፤ ከገዳሙ ውጭ ባሉት የሐይቅና የአምባሰል መንደሮች ግን፣ እንደ ሌላው የወሎ ገጠር ሁሉ፣ ስፌት የሴቶች እጅ ሥራ ነው። ሁለቱም መክተቻዎች ይሰፋሉ፤ ነገር ግን አንደኛው የቆዳና የወንድ፣ ሁለተኛው የሣርና የሴት ሥራ መሆኑ ለመዝገበ ቃላት ተራ ነገር አይደለም። የመጽሐፍ ቤት ቃላት በጽሑፍ ይገኛሉ፤ መዝገበ ቃላታቸው በ1948 ዓ.ም. የታተመላቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌም ሆኑ የራሳቸውን በ1962 ዓ.ም. ያወጡት አቶ ደስታ ተክለ ወልድ ከዚሁ ትምህርት የወጡ ሊቃውንት ናቸው። የስፌት ቃላት ግን ከሰፊዋ አፍ ካልተለቀሙ ከሌላ ከየትም አይገኙም።

ሙዳይ የሚሰፋው በስንደዶና በአክርማ ነው። ሣሮቹ ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረም ግድም ተለቅመው ይደርቃሉ። ስንደዶው አንድ ላይ ተይዞ የውስጥ አካል ሲሆን፣ የተሰነጠቀው አክርማ መጠምጠሚያ ይሆናል። ሰፊዋ አክርማውን በውሃ እያራሰች፣ በወስፌ እየወጋች፣ አዲሱን ዙር ከቀደመው ዙር ጋር ታያይዘዋለች። ቀለም የተነከረው አለላ ይባላል፤ የሙዳዩ ጌጥ የሚወጣውም ከዚሁ ነው። እንግዲህ ጌጡ ካለቀ ዕቃ ላይ ኋላ የሚቀባ ሳይሆን ከዕቃው ጋር አብሮ የሚያድግ ስለ ሆነ፣ ቆጠራ የተሳሳተች ሰፊ የሰፋችውን መተርተር ግድ ይሆንባታል። «ክዳን» የሚለው ቃል የወጣው «ከደነ» ከሚለው ግሥ ነው፤ ጎጆን በሣር ማልበስም በዚሁ ግሥ ይነገራል። ሾጣጣውን የሙዳይ ክዳን ላየ ሰው ዝምድናው ግልጥ ነው።

ስፌት እንደ ሸክላ ሥራ ወይም እንደ ቀጥቃጭነት ለተለየ ወገን የተተወ ሙያ አልነበረም። ባለጸጋዋም ድኻዋም ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲሰበሰብ ይዛው የምትቀመጥ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ሙዳዩ ጌጣጌጥ፣ ኩል ወይም ፈትል ይያዝበታል፤ ለሙሽራ ይሰጣል፤ የተረፈው ገበያ ይወጣል። ገዥዋም የዙሩን ጥብቀት በጣቷ ትዳስሳለች፤ ክዳኑ መግጠሙን ከፍታ ዘግታ ታያለች። የፕላስቲክ ዕቃ ገበያውን ከያዘ ወዲህ ግን ይህ ሁሉ እየሳሳ ሄዷል፤ ዕቃው ሲቀር አብሮት የሚቀረው ቃል ብዙ ነው።

አሁን ወደ ጎረቤቶቹ እንመለስ። «ማኅደር» «ኀደረ» ከሚለው ግሥ ወጥቶ ማደሪያ ማለት ሲሆን፣ ዛሬ በጽሕፈት ቤት የሠራተኛ ሰነድ የሚጠበቅበት ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። «ክታብ» ደግሞ ጽሕፈት ማለት ነው፤ ነገር ግን በአንገት የሚንጠለጠለው የቆዳ መያዣም በይዘቱ ስም ክታብ ተብሏል። አንዱ በአገልግሎቱ፣ አንዱ በይዘቱ ተሰየመ፤ በትንሽነቱ የተሰየመ ግን የለም።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በየቤተ ክርስቲያኑ የሚቆመው ሙዳየ ምጽዋት ከእንጨት ወይም ከብረት የተሠራ፣ ቁልፍ ያለው ነው፤ በግእዝም ሙዳይ ከሣር ብቻ ለተሠራ ዕቃ የተወሰነ ስም አይደለም። እውነት ነው። ሆኖም የመክተቻ ስም ከአንድ ቁስ ወደ ሌላ መሻገሩ የተለመደ ነው፤ የመናው መያዣ ወርቅ ሆኖ ሳለ በግእዝ «መሶበ ወርቅ» ተብሏል። በጥንቱ ግሪክኛም ፒክሲስ የተባለው ክዳናም የጌጥ መያዣ ስሙን ያገኘው ፒክሶስ ከተባለው ዛፍ ሲሆን፣ ኋላ ከሸክላ የተሠራውም ፒክሲስ ሆኗል። የእንግሊዝኛው ቦክስ የዘር ሐረግም ወደዚሁ ዛፍ ይደርሳል፤ አማርኛ ቦክስን ለቡጢ መቀበሉ ሌላ ጉዳይ ነው። ጥያቄው እንግዲህ የትኛው ፍቺ ይቅደም የሚለው ነው። በታሪክ የቀደመው ምንም ይሁን፣ የአማርኛ መዝገበ ቃላት በአማርኛ ተናጋሪ ቤት ያለውን ዕቃ ሊያስቀድም ይገባል። በዚህ መሠረት የሚከተለው አፈታት ቀርቧል።

ሙዳይ (ስም፤ ብዙ፦ ሙዳዮች)። 1. ከስንደዶና ከአክርማ በወስፌ ተሰፍቶ፣ ብዙ ጊዜም በአለላ አጊጦ የሚሠራ፣ የራሱ ክዳን ያለው፣ ጌጣጌጥ፣ ኩል፣ ፈትልና ይህን የመሰለ ሁሉ የሚያዝበት መክተቻ። 2. በዘርፍ ሲነገር፣ ከማናቸውም ቁስ የተሠራ፣ የሚከደን ወይም የሚቈለፍ መያዣ፤ «ሙዳየ ምጽዋት»። 3. የሴት መጠሪያ ስም።