ካውቦይና ጃንጎ፦ ተረቱና እውነታው

በነፋስ መውጫ፣ በወገዳ ወይም በእስቴ መካነ ኢየሱስ ቪዲዮ ቤት ተጋፍቶ ፊልም ያየ ሰው ካውቦይን ያውቀዋል፤ ባርኔጣ ያጠለቀ፣ ሽጉጥ የታጠቀ፣ ሕግ የማይገዛው ነጭ አሜሪካዊ። ብዙዎቻችን ስለ አሜሪካ መጀመሪያ የሰማነው ከዚህ ሰው ነው። የነገረን ግን አብዛኛው ልክ አልነበረም።

ተረት፦ ጃንጎ አሜሪካዊ ነው።

«ጃንጎ» የተባለውን የካውቦይ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1966 ያዘጋጀው ጣሊያናዊው ሰርጆ ኮርቡቺ ነው፤ ጃንጎን ሆኖ የተወነው ፍራንኮ ኔሮም ጣሊያናዊ ነው። በሌሎች የካውቦይ ፊልሞች ሰዉን በጥፊ እየደረደረ ያሳቀን ባለጢሙ ቡድ ስፔንሰር የኔፕልስ ተወላጅ ሲሆን እናት አባቱ ያወጡለት ስም ካርሎ ፔደርሶሊ ነው፤ በ1952 እና በ1956 ኦሎምፒክ ለጣሊያን ዋኝቷል። ጓደኛው ቴረንስ ሂል ደግሞ ማሪዮ ጂሮቲ ይባላል፣ የቬኒስ ልጅ ነው። ቴክሳስ ነው ብለን ያየነው በረሃ ብዙውን ጊዜ በደቡብ ስፔን የሚገኘው አልሜሪያ ነበር። ተዋናዮቹ በየቋንቋቸው ይናገሩና ድምፁ በኋላ ይገባ ስለነበር የአፋቸው እንቅስቃሴና ቃላቸው አይገጥምም፤ ጥፋቱ የካሴቱ አልነበረም። አያቶቻቸው በበጌምድር ዱር ቤቴ ብለው ጣሊያንን የተዋጉ ልጆች፣ አሜሪካዊ መስሏቸው ለጣሊያን ተዋናይ ሲያጨበጭቡ ማደጋቸው ይገርመኛል።

ተረት፦ የካውቦይ ሥራው መተኮስ ነው።

ካውቦይ በደመወዝ የተቀጠረ ከብት ነጂ ነበር። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ማብቂያ ከ1865 በኋላ፣ ከቴክሳስ እስከ ካንሳስ የባቡር ጣቢያዎች በሺህ የሚቆጠር ከብት ለወራት ይነዳል። የሞላ ወንዝ ያሻግራል፤ ሌሊት በተራ መንጋውን ይጠብቃል። ከጋይንት ሰንጋ ወደ ሩቅ ገበያ የነዳ ሰው ይህ ድካም ይገባዋል። ዘመኑ የቆየው ሃያ ዓመት ገደማ ብቻ ነው፤ ባቡሩ ወደ ቴክሳስ ሲዘልቅና ግጦሹ በእሾሃማ ሽቦ ሲታጠር አበቃ።

ተረት፦ በዚያ አገር ሁሉም እንዳሻው ታጥቆ ይሄድ ነበር።

ዶጅ ሲቲና ቱምስቶንን የመሳሰሉ ከተሞች በከተማ ውስጥ መሣሪያ መያዝን የሚከለክል ደንብ ነበራቸው። በኦኬ ኮራል ስም የሚታወቀው ዝነኛው ተኩስ በቱምስቶን ኦክቶበር 26 ቀን 1881 ሲነሳ አንዱ ምክንያት ይኸው ደንብ መጣሱ ነበር። የፈጀው 30 ሰከንድ ያህል ነው፤ ሦስት ሰዎች ሞቱ። በፊልም እንደምናየው ሁለት ሰው መሐል መንገድ ፊት ለፊት ቆሞ ማን ቀድሞ ይመዛል የሚባባልበት ውጊያ በእውነቱ ዓለም ብርቅ ነበር። ሽጉጡም ስድስት ጎራሽ ነው፤ ብዙዎች ሳያስቡት እንዳይባርቅ አንዱን ጉድጓድ ባዶ ስለሚተዉት የሚጎርሰው አምስት ነበር። የጥይትን ዋጋ የሚያውቅ የስማዳ ገበሬ የፊልሙ ካውቦይ ሳያጎርስ አሥር ጊዜ ሲተኩስ ዝም ብሎ ማየት የለበትም።

ተረት፦ ካውቦይ ሁሉ ነጭ ነው።

ከሁሉም የሚቆጨኝ ይህ ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች ከአራት ካውቦዮች አንዱ ያህል ጥቁር እንደነበር ይገምታሉ፤ ሜክሲኳውያንም ብዙ ነበሩ። ኮርቻውን፣ ገመድ አወራወሩን፣ ከብት አያያዙን ያስተማሩት እነዚሁ ሜክሲኳውያን ናቸው። ጥቁሩ ቢል ፒኬት በሬን ከፈረስ ላይ ዘሎ ቀንዱን ይዞ በመጣል ዝናን አትርፎ ነበር። በባርነት የተወለደው ባስ ሪቭስ በ1875 የፌዴራል መንግሥት ሕግ አስከባሪ ሆኖ ተሾመ፤ ከ3000 በላይ ተፈላጊዎችን እንደያዘ ይነገርለታል። ሆሊውድ ለአሥርት ዓመታት እነዚህን ሰዎች ከታሪኩ አውጥቶ እንደ ጆን ዌይን ያሉ ነጭ ተዋናዮችን ብቻ ፊት አቆመ። ይህ በደል ነው፤ በደሉም እስከ እኛ ቪዲዮ ቤት ድረስ ዘልቋል።

ፊልሞቹን እዩ፣ ተዝናኑባቸውም። ልጆቻችሁ ስለ ካውቦይ ሲጠይቋችሁ ግን የባስ ሪቭስን ስም አስቀድማችሁ ንገሯቸው።