ግእዝን የተማረው አየርላንዳዊ ካህን

ቤተ ክርስቲያናችን ሰማንያ አሐዱ ብላ ከምትቈጥራቸው ቅዱሳት መጻሕፍት መካከል ሔኖክና ኩፋሌ ይገኛሉ። ሁለቱም ምሉዓን ሆነው የተረፉት በግእዝ ብቻ ስለ ሆነ፥ ሊመረምራቸው የወደደ የባሕር ማዶ ሊቅ ሁሉ ፊደላችንን መቍጠር ግድ ሆኖበታል።

ከነዚህም ሊቃውንት አንዱ ሮበርት ሄንሪ ቻርልስ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1855 በአየርላንድ፥ በኩክስታውን ከተማ ተወለደ። በቤልፋስትና በደብሊን ተምሮ በአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ክህነትን ተቀበለ። በ1893 መጽሐፈ ሔኖክን ከግእዝ ወደ እንግሊዝኛ ተርጕሞ አሳተመ፤ በ1895ም የኩፋሌን የግእዝ ንባብ ከአራት የብራና መጻሕፍት አመሳክሮ አወጣ። ከ1898 እስከ 1906 በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ የመጽሐፍ ቅዱስ ጽርእ መምህር ሆኖ አገለገለ። በ1916 ደግሞ በግእዝ ብቻ የተረፈውን የዮሐንስ ዘኒቅዮስን ታሪክ ተረጐመ። በ1919 የዌስትሚንስተር ሊቀ ዲያቆናት ሆኖ ተሾመ፤ በ1931 ዐረፈ።

ቻርልስ ሔኖክንና ኩፋሌን እንደ እኛ ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር አልቈጠራቸውም። ይሁን እንጂ አባቶቻችን ብራና ፍቀው፥ ቀለም በጥብጠው የጻፉትን ቃል በቃል በትጋት መረመረ።

እንግዳው ይህን ያህል ከደከመ፥ እኛ የቤቱ ልጆች ምን እንመልሳለን? መጽሐፉን ተሳልመን ቋንቋውን ካላወቅን፥ ቍልፉ የጠፋበት ሣጥን ወራሾች መሆናችን ነው። ስለዚህ ልጆቻችንን ወደ የኔታ እንላክ፤ እኛም ከልጆቻችን ጋር ፊደሉን እንቍጠር።