ዋንጫው ከጥቂቶች እጅ ለምን አይወጣም?

በግንቦት 1995 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የ18 ዓመቱ ፓትሪክ ክላይቨርት ቪየና ላይ ሚላንን ረትታ አያክስን የአውሮፓ ሻምፒዮን ያደረገች ብቸኛ ጎል አስቆጠረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የአውሮፓ ፍርድ ቤት በቤልጂየማዊው ዣን ማርክ ቦስማን ጉዳይ ፈረደ። ውሉን የጨረሰ ተጫዋች ያለ ዝውውር ክፍያ መሄድ ቻለ፤ የአውሮፓ ኅብረት ዜጎችን የሚገድበው ኮታም ቀረ። ለተጫዋቾቹ የዘገየ ፍትሕ ነበር፤ አያክስን ግን አራቆተው። የአያክሶቹ ዳቪድስና ሬይዚገር በ1996 ሚላን ገቡ፣ በዓመቱ ክላይቨርትም ተከተላቸው። ሚላን ዋንጫ ያሳጣውን ልጅ ለአያክስ ሳንቲም ሳይከፍል ወሰደው።

ጣት የሚቀሰረው አብዛኛውን ጊዜ በባለሀብቶቹ ላይ ነው፤ ቼልሲን በ2003 በገዛው አብራሞቪች፣ በማንችስተር ሲቲው አቡዳቢ፣ ለኔይማር 222 ሚሊዮን ዩሮ ባፈሰሰው የኳታሩ ፒኤስጂ። ይሁንና በሩ የተከፈተው ከእነሱ በፊት ነው። ከ2004ቱ ፖርቶ በኋላ ለሃያ ዓመት ዋንጫው ከእንግሊዝ፣ ከስፔን፣ ከጣሊያንና ከጀርመን አልወጣም። በ2025 ይህን የሰበረውም ያው የፈረንሳዩ ፒኤስጂ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የትንንሾቹ ሊጎች ነገር ነው። የቤላሩሱ ባቴ ቦሪሶቭ ከ2006 እስከ 2018 ለ13 ተከታታይ ዓመታት የአገሩን የሊግ ዋንጫ ለማንም አላስነካም፤ የቡልጋሪያው ሉዶጎሬትስም ከ2012 እስከ 2025 ለ14 ዓመት እንዲሁ። ባለሀብት ከኋላ መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ የሻምፒዮንስ ሊጉ ክፍያ ሲታከልበት ግን ጎረቤት ክለቦች የሚወዳደሩበት አቅም ያጣሉ። በ2024/25 ወደ ሊጉ ምዕራፍ መግባት ብቻ 18.62 ሚሊዮን ዩሮ ያስገኝ ነበር። ሪያል ማድሪድ ይህን ላያስተውለው ይችላል፤ በትንሽ ሊግ ግን የብዙ ዓመት በጀት ነው። ደካማ አገሮችን የሚረዳው ገንዘብ የሚያነግሠው አንድን ክለብ ነው።

ዩኤፋ በ2011 ሥራ ላይ ያዋለው ፋይናንሺያል ፌር ፕሌይ ዕዳን ለመግታት እንጂ ልዩነትን ለማጥበብ አልተጻፈም። ተተኪው ደንብ ደሞዝ፣ ዝውውርና የወኪል ክፍያ ከክለቡ ገቢ 70 በመቶ እንዳያልፍ ያዛል። በ2023/24 ከአንድ ቢሊዮን ዩሮ በላይ ያስገባው ሪያል ማድሪድ 700 ሚሊዮን ማውጣት ይችላል፤ 50 ሚሊዮን የሚያገኝ ክለብ 35 ሚሊዮን። ጣሪያው በመቶኛ ሳይሆን ለሁሉም በተቆረጠ ገንዘብ ይሁን የሚል ሐሳብ በ2024 ለፕሪምየር ሊግ ክለቦች ድምፅ ሲቀርብ ከተቃወሙት መካከል ሁለቱ የማንችስተር ክለቦች እንደነበሩ ተዘግቧል።