ጉልበቱን የሚያመው ሰው ይቀመጥ ወይስ ይንቀሳቀስ?

ዛሬ የምናወራው ብዙ ቤት ውስጥ ስላለ ነገር ነው፤ ስለ እናት አባቶቻችን የጉልበት ህመም።

እናት «ጉልበቴን፣ ጉልበቴን» ማለት ስትጀምር ልጆች ምን እንላለን? «እማዬ፣ አንቺ ቁጭ በይ፤ እኛ እንሠራዋለን።» ከፍቅር ነው። ግን ቀስ በቀስ ገበያ መውጣት ይቀራል፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ መሄድ ይቀራል፣ በመጨረሻ ከወንበር ለመነሳትም ሰው መያዝ ይመጣል።

👉 ለምን እንዲህ ይሆናል?

በዕድሜ የሚመጣው የጉልበት ህመም በአብዛኛው ኦስቲዮአርትራይተስ የሚባለው ነው። የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነው ካርቲሌጅ የተባለ ለስላሳ ልባስ እየሳሳ ይሄዳል። ይህ ልባስ የራሱ የደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው፤ ፈሳሹ በደንብ የሚዳረሰው ደግሞ ስንንቀሳቀስ ነው። ጉልበትን ደግፎ የሚይዘውም የጭን ጡንቻ ነው። ሰው ሲቀመጥ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ጭነቱ መገጣጠሚያው ላይ ይወድቃል፣ ህመሙ ይብሳል።

👉 እያመመኝ ልንቀሳቀስ?

አዎ፣ በልኩ። ህመሙን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስጡት። በእንቅስቃሴ ጊዜ ከ5 ካልበለጠና በማግስቱ ጠዋት ወደነበረበት ከተመለሰ ችግር የለውም። ካልተመለሰ በሚቀጥለው ቀን መጠኑን ቀንሱ እንጂ ጨርሶ አታቁሙ።

👉 ከምን ይጀመር?

1. ደልዳላ መንገድ ላይ በቀን 5 ወይም 10 ደቂቃ መራመድ፣ በየሳምንቱ ትንሽ መጨመር። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ይመክራል፤ ይሄ ግን መድረሻው እንጂ መነሻው አይደለም።

2. ግድግዳ ካስደገፉት ጠንካራ ወንበር ላይ 10 ጊዜ መነሳትና መቀመጥ። ይህ ከከበዳቸው ተቀምጠው እግራቸውን ቀጥ አድርገው ለ5 ሰከንድ ይያዙ።

3. ምርኩዝ የሚያዘው ከሚያመው ጉልበት በተቃራኒ ባለው እጅ ነው። ብዙ ሰው የሚይዘው በሚያመው በኩል ነው።

4. ዝቅተኛ በርጩማና ቁጢጥ ማለትን መቀነስ። መንበርከክ ካስቸገረ ጸሎትም ሶላትም ወንበር ላይ ይቻላል።

5. ውፍረት ካለ መቀነስ። 1 ኪሎ ሲቀንሱ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ ወደ 4 ኪሎ የሚጠጋ ጫና ይነሳል።

⚠️ ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ እየገዙ ለወራት መዋጥ ወይም መወጋት ጨጓራን ሊያደማ፣ ኩላሊትን ሊጎዳ፣ ደም ግፊትን ሊጨምር ይችላል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አታድርጉት።

⚠️ ቶሎ ሐኪም ቤት የሚያስኬዱ ምልክቶች፦
- ጉልበቱ በድንገት ካበጠ፣ ከቀላና ከጋለ፣ ወይም ትኩሳት ካለ
- ወድቀው እግራቸውን መርገጥ ካቃታቸው
- ህመሙ ሌሊት እንቅልፍ ከነሳና ያለ ምክንያት ከከሱ
- ሲራመዱ ደረታቸውን ከጨነቃቸው ወይም ራሳቸውን ከሳቱ (ይሄ ለነገ አይባልም!)

ብቻቸውን ከሚጀምሩት አብራችኋቸው ብትራመዱ ይቀጥሉበታል፤ የማታ 10 ደቂቃ ይበቃል።

ወላጆቻችሁ በህመሙ ምክንያት ማድረግ ያቆሙት ነገር ምንድን ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ አረጋውያን ቤታቸው ላሉ ወዳጆቻችሁም ሼር አድርጉላቸው።