ፋጉሎ ሲገዛ ዋጋው ብቻ አይበቃም

ዶሮ አርቢውን ከሁሉ የሚያስወጣው መኖ ነው። ከዘይት መጭመቂያ የሚወጣው ፋጉሎ ተፈላጊ የሆነውም በፕሮቲኑ ነው። ሆኖም የኑጉ፣ የጥጥ ፍሬው፣ የለውዙና የአኩሪ አተሩ ፋጉሎ የየራሳቸው ጣጣ አላቸው፤ መፍትሔውም የተለያየ ነው።

የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ጎሲፖል የተባለ መርዝ አለው። የዶሮዋን እድገት ይገታል፤ የእንቁላሉንም አስኳል ወደ ወይራ ፍሬ ቀለም ይለውጠዋል። ይህን እንቁላል ደንበኛ አይቀበለውም። መከላከያው ፌረስ ሰልፌት የሚባለውን የብረት ጨው ከመኖው ጋር መቀላቀል ነው። ለእንቁላል ጣይ ዶሮ ለ1 እጅ ነፃ ጎሲፖል እስከ 4 እጅ ብረት ይሰላል። በውሃማው አረንጓዴ ጨው ውስጥ ያለው ብረት ግን ከ5 እጅ 1 ገደማ ብቻ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

ያልበሰለ የአኩሪ አተር ፋጉሎ ደግሞ ዶሮዋ ፕሮቲን እንዳትፈጭ ያግዳል። ሙቀት ይህን ያጠፋል፤ ካረረ ግን ፕሮቲኑም ይጎዳል።

ከሁሉ የከፋው ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ከ100,000 በላይ ተርኪዎች ያለቁት ከብራዚል በገባ የለውዝ ፋጉሎ ሳቢያ ነበር። ጉዳዩ ለአዲስ አበባ ገበያም ሩቅ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በከተማዋና በአካባቢዋ በተሰበሰበ የወተት ላም መኖ ውስጥ በኪሎ ከ7 እስከ 419 ማይክሮግራም አፍላቶክሲን አግኝቷል፤ በተለይ የኑግ ፋጉሎ ተጠቃሽ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ለመኖ ጥሬ ዕቃ ያስቀመጠው ጣሪያ 20 ነው። ያው ፋጉሎ ወደ ዶሮ ቤትም ይሄዳል፤ ጫጩት ደግሞ ለመርዙ ደካማ ናት።

የመጭመቂያው ሙቀት አፍላቶክሲንን አያጠፋም፤ የሻገተውን ገጽ ፍቆ መጣልም አያድንም። ቤንቶናይት የተባለው ሸክላ በመኖ ሲቀላቀል መርዙ ወደ ደም የሚገባውን ይቀንሳል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አያስቀርም። ስለዚህ ዋናው ሥራ መጋዘን ላይ ነው። ፋጉሎው ሳይቀዘቅዝ በጆንያ መታሰር፣ እርጥበቱም ከመቶ 12 ማለፍ የለበትም። በእንጨት ርብራብ ላይ ከግድግዳ ርቆ ይደረደር፤ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ።

ገዢም ከመክፈሉ በፊት ከብዙ ጆንያዎች ናሙና ወስዶ ማስመርመር፣ ውሉ ላይም የእርጥበቱንና የመርዙን ጣሪያ ማስፈር ይበጀዋል። በኩንታል የተቀነሰው ዋጋ በሞተ ጫጩትና በተመለሰ እንቁላል ከተከፈለ ትርፍ አይባልም።